የፓተንቱ ጊዜ አልፏል፤ ሰነዱ ግን የለንም



በዚህ መጽሔታችን ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ዲናችንና ስለ ግቢ ሕይወታችን ነው። እኔ ዛሬ ስለ ካንሰር፣ ስለ ደም ሥርና ስለ አንድ ዓይነት ፕሮቲን ልጽፍ ነው። ርእሱ ለባዮሎጂ ክበብ የሚሆን ቢመስልም መጨረሻው የሚያርፈው ሁላችንም መድረሳ ውስጥ በተማርነው ነገር ላይ ስለሆነ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ፕሮቲኑ ሪሴፕተር ይባላል፤ በአማርኛ «ተቀባይ» ልንለው እንችላለን። ሰውነታችን የተሠራባቸው ሕዋሳት እያንዳንዳቸው በቀጭን ግድግዳ የታጠሩ ስለሆኑ ከውጭ የሚመጣ መልእክት ዝም ብሎ ዘው አይልም። እኛ ጋይንት ውስጥ ሰው ቤት ስንሄድ ደጅ ቆመን «ቤቶች!» እንላለን። ከውስጥ አንድ ሰው ድምፁን ሰምቶ «ማነው?» ይላል፤ እንግዳውን ካወቀው ለቤቱ ይናገራል። ሪሴፕተርም እንደዚያ ደጅ ላይ ያለ ሰው ነው። አንዱ ጫፉ ከሕዋሱ ውጭ ነው፣ ወገቡ ግድግዳውን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ሌላው ጫፉ ውስጥ ነው። የሚያውቀው መልእክተኛ ሲመጣ በውጭ በኩል ይይዘዋል፤ በውስጥ በኩል ደግሞ «ተባዛ» ወይም «አርፈህ ተቀመጥ» የሚለውን ትእዛዝ ያስተላልፋል።

ካንሰር በብዙ መንገድ ይመጣል። አንደኛው መንገድ የዚህ ደጃፍ መበላሸት ነው። ሄር-2 የሚባል ሪሴፕተር አለ። በጤነኛ የጡት ሕዋስ ላይም ይገኛል፤ ቁጥሩ ግን ልከኛ ነው። ከመቶ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ግን ይህን ሪሴፕተር የሚያሠራው ጂን ከልክ በላይ ይባዛል። (ጂን ስል የሚያስፈራንን ጂን ማለቴ አይደለም፤ ከእንግዲህ ዘረመል ብለው ይሻላል።) ያኔ ደጃፉ በሄር-2 ይጨናነቃል። ማንም ሳይጣራ እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ወደ ውስጥ «ተባዛ! ተባዛ!» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ ይህ ብዛት ባለባቸው ሴቶች ላይ በሽታው ቶሎ እንደሚመለስ አሳዩ። በ1998 ደግሞ ሄር-2ን ከውጭ በኩል ይዞ ዝም የሚያሰኝ ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

ይህን ያወቅሁት ከክፍል አይደለም። ስማዳ የምትኖረው አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችው እኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነበር። እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ሴቶች ለወራት ለማንም አልተናገረችም። ከተናገረችም በኋላ መጀመሪያ ሩቅያ ተደረገላት፣ ቀጥሎ የባህል መድኃኒት ተሞከረ። ከዚያ ከወገዳ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ደረሰች። የናሙናው ውጤት ሲመጣ ቤተሰቡ ውስጥ እንግሊዝኛ ደህና የሚያነብ እኔ ስለሆንኩ በስልክ ፎቶ አንስተው ላኩልኝ። አንዱ መስመር ላይ «ሄር-2፦ 3 ፕላስ» ይላል። ይህም ደጃፉ ተጨናንቋል ማለት ነው።

ሐኪሙ የሚስማማት መድኃኒት ትራስቱዙማብ መሆኑን፣ በየ3 ሳምንቱ ለአንድ ዓመት መሰጠት እንዳለበት፣ ከግል ፋርማሲ ገዝተን ማምጣት እንዳለብን ነገረን። ዋጋውን ስንሰማ አጎቴ ጥማድ በሬዎቹን ቢሸጥ ስንት እንደሚያገኝ ተቀምጠን አሰላን። ለዓመቱ ቀርቶ ለጥቂት ዙርም አልበቃም። ቀዶ ሕክምናውንና ኬሞውን አገኘች፤ ያኛውን ግን አላገኘችም። በሁለተኛው ዓመት ወደ አኼራ ሄደች። አላህ ይዘንላት።

ለቅሶው ላይ ትልልቆቹ «አጀሏ ነው» አሉ፤ እውነት ነው። መድኃኒቱን ብታገኝ ትድን ነበር አልልም፤ ይህን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው። ነገር ግን ቀደርን ማመን ሰበብን መተው እንዳልሆነ ያስተማሩን እነዚሁ ትልልቆች ናቸው። ዝናብ የአላህ ነው ብሎ ሳያርስ የሚቀመጥ ገበሬ ጋይንት ውስጥ የለም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ውስጤ ቀረ፦ ይህ መድኃኒት ከምን ቢሠራ ነው ዋጋው እንዲህ የሆነው? የሚሠራውስ ማነው?

መልሱን ስፈልግ ጉዳዩን ሐኪም ቤት ሳይሆን የራሴ ትምህርት ክፍል ውስጥ አገኘሁት። እኔ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ትራስቱዙማብ ከዕፅዋት የሚጨመቅ ወይም ኬሚካል ከኬሚካል ጋር ተቀላቅሎ የሚገኝ መድኃኒት አይደለም። ፕሮቲን ነው፤ እንዲህ ያለውን ትልቅ ፕሮቲን የሚሠራው ደግሞ ሕይወት ያለው ሕዋስ ነው። ስለዚህ የፕሮቲኑን አሠራር የያዘው ዘረመል በቀላሉ በሚባዛ ሌላ ሕዋስ ውስጥ ይገባል። ሕዋሱ የራሱን ፕሮቲን ሲሠራ የእንግዳውንም አብሮ ይሠራል። በዚህ መንገድ የተገኘው ሪኮምቢናንት ፕሮቲን ይባላል። የመጀመሪያው ትልቅ ውጤት ኢንሱሊን ነበር። ቀድሞ ከአሳማና ከከብት ቆሽት ይወጣ የነበረው ኢንሱሊን በ1978 በባክቴሪያ ውስጥ ተሠራ፤ በ1982 ለሕሙማን ተፈቀደ። ለሙስሊም የስኳር ሕሙማን ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

የሰውን ሪሴፕተር ማምረት ግን ከኢንሱሊን ይከብዳል። ሪሴፕተር ትልቅ ነው፣ በየቦታው የስኳር ሰንሰለት ይንጠለጠልበታል፣ አስተጣጠፉ ትንሽ ከተዛባም አይሠራም። ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ስለማይችል ተኮማትሮ የተጣበቀ ጓል ያስረክባል። ስለዚህ የነፍሳት ሕዋስ፣ ኤችኢኬ 293 የተባለው የሰው ሕዋስ ወይም ሲኤችኦ የተባለው የሃምስተር ሕዋስ ይመረጣል። የሪሴፕተሩ ወገብ ደግሞ ቅባት ስለሚወድ ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያደርጉት መልእክተኛውን የሚይዘውን የውጭኛውን ክፍል ብቻ ለይቶ ማስመረት ነው። ጫፉ ላይም ሂስቲዲን ከተባለው አሚኖ አሲድ 6 ወይም ከዚያ በላይ ደርድረው እንደ ጅራት ይቀጥሉለታል። ፈሳሹ ኒኬል በያዘ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ጅራቱ ኒኬሉን ይይዛል፤ ሌላው ሁሉ ይታጠባል፤ የተፈለገው ይቀራል።

ይህ ንጹሕ ሪሴፕተር ምን ያደርጋል? አዲስ መድኃኒት ሲፈለግ የትኛው ሞለኪውል እንደሚይዘውና ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዘው የሚለካው በእርሱ ነው። ተመርቶ የወጣ መድኃኒት ሥራውን በትክክል መሥራቱ ሲፈተንም ያስፈልጋል። ሄር-2 በእጁ የሌለው ቤተ ሙከራ ሄር-2ን ስለሚይዝ መድኃኒት ጥናት እንዴት ይጀምራል?

እዚህ ላይ ምህንድስናው ይመጣል። ነፋስ መውጫ ላይ ያደገ ሰው እናቱ በብርድ ወራት ሊጡን ምድጃ አጠገብ ስታስጠጋ አይቷል። እርሾው ብርድ ካገኘው አይሠራም፤ ሙቀት ከበዛበትም ይሞታል። የሃምስተር ሕዋስ ከእርሾ የባሰ ቅምጥል ነው። ሙቀቱን 37 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ አሲዱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ካለ ያኮርፋል። ኦክስጅን እንዲደርሰው ፈሳሹን ማማሰል ያስፈልጋል፤ አጥብቀው ካማሰሉት ግን ሕዋሱ ይቀደዳል። አንዲት ባክቴሪያ ከገባች የሁለት ሳምንት ሥራ ይበላሻል። በአንድ ሊትር ጠርሙስ የተሳካውን በ10,000 ሊትር ጋን መድገም ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከዚያ ማጣራቱ፣ መፈተኑና ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ማጓጓዙ አለ። አክስቴ ያጣችው መድኃኒት ዋጋ ውስጥ እነዚህ ሁሉ አሉበት።

ሪሴፕተሩ ለምርምር ብቻ ሳይሆን ራሱ መድኃኒት የሆነበት ጊዜም አለ። ይህ ታሪክ ከደም ሥር ይጀምራል። በ1971 ጁዳ ፎክማን የተባለ አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም አንድ ዕጢ የራሱን ደም ሥር ካልጠራ ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ማደግ አይችልም የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ1989 ናፖሊዮኔ ፌራራና ባልደረቦቹ ደም ሥርን የሚጠራውን መልእክተኛ ለይተው አወጡ፤ ስሙ ቪኢጂኤፍ ነው። ይህ መልእክተኛ የደም ሥር ሕዋሳት ደጃፍ ላይ ያሉ ሪሴፕተሮችን ሲያገኝ «ወደዚህ ተዘርጋ» ይላል። ተመራማሪዎች ከሁለቱ ሪሴፕተሮች የውጭኛ ክፍል ቁራጭ ቁራጭ ወስደው ከፀረ እንግዳ አካል ጭራ ጋር ሰፉትና በሲኤችኦ ሕዋስ አስመረቱት። መድኃኒቱ አፍሊበርሴፕት ይባላል። ደም ሥር ዘንድ ሳይደርስ መልእክተኛውን መንገድ ላይ ይይዘዋል። በ2011 ለዓይን በሽታ፣ በ2012 ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ።

የሚገርመው ሰውነታችን ራሱ እንዲህ ያለ ተንሳፋፊ ሪሴፕተር ይሠራል። በ2003 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ፕሪኤክላምፕሲያ በያዛት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ የእንግዴ ልጁ ይህን ሪሴፕተር አብዝቶ ወደ ደሟ ይለቃል፤ የደም ሥሮቿም የሚያስፈልጋቸውን መልእክት ያጣሉ። ፊቷ አብጦ፣ ራሷን እያመማት በወሳንሳ ጤና ጣቢያ የደረሰች እናት ታሪክ እስቴም፣ ስማዳም፣ ታች ጋይንትም ያለ ሰው ያውቀዋል። የዚህ ፕሮቲን ምርምር ለኛ የሩቅ ነገር አይደለም።

ይህን ለጓደኞቼ ሳጫውት ወዲያው የሚነሳው ጥያቄ «ሐላል ነው ወይ?» የሚለው ነው። ፈትዋው የዑለማእ ነው፤ እኔ አልገባበትም። የኛ ድርሻ ዑለማእ በትክክል እንዲፈርዱ ትክክለኛውን መረጃ ማቅረብ ነው። የሚገባው የሃምስተር ሥጋ ሳይሆን በጋን ውስጥ የሚባዛ ሕዋስ የሠራው ፕሮቲን ነው፤ እርሱም ከሕዋሱ ተለይቶ ይጣራል። ኤችኢኬ 293 በ1973 ኔዘርላንድ ውስጥ ከፅንስ ኩላሊት የተገኘ የሕዋስ ዘር ስለሆነ ይህንን ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል። ሕዋሳትን ከዕቃ ለማላቀቅ ቀድሞ ከአሳማ የሚወጣ ትሪፕሲን የተባለ ኢንዛይም ይጠቀሙ ነበር፤ ዛሬ በሪኮምቢናንት መንገድ የተሠራ ምትክ አለው። ትልልቅ አምራቾችም ከእንስሳት የሚወጣ ግብዓት የሌለበትን ምግብ ለሕዋሶቻቸው ወደ መስጠት ሄደዋል። አምራች የሆነ ሰው ግብዓቱን ይመርጣል፤ ሸማች ብቻ የሆነ ግን ጠይቆ የሚነገረውን ይቀበላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። የትራስቱዙማብ ፓተንት በአውሮፓ በ2014፣ በአሜሪካ በ2019 ጊዜው አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ በ2019 መጨረሻ ላይም ተመሳሳይ ሆኖ የተሠራ የመጀመሪያውን ትራስቱዙማብ ፈትሾ አጽድቋል። የህንድና የደቡብ ኮሪያ ኩባንያዎች ተመሳሳዩን ያመርታሉ። ዛሬ «ይህን አትሥሩ» ብሎ የሚከለክል የለም። አሠራሩም ቢሆን በብዛት የታተመ ነው። ታዲያ ምን ጎደለን?

ገንዘብ ጎድሎናል፣ መብራት ይቆራረጣል፣ የውጭ ምንዛሪ አይገኝም፤ እነዚህን አልክድም። ግን እኔ የሚታየኝ ሌላ ጉድለት አለ፤ ለእሱ የሚስማማውን ቃል ያገኘሁት መድረሳ ነው። ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ እየተመላለስኩ ባደግሁበት ጊዜ ኡስታዛችን አንድ ነገር ያስረግጡልን ነበር። ኪታብ ገዝቶ ብቻውን ያነበበን ሰው «ቀርቷል» አይሉም። የቀራ ማለት እሱም ከሼኽ ፊት ተቀምጦ፣ ሼኹም ከሼኻቸው ፊት ተቀምጠው፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሰነዱ የሚያያዝለት ሰው ነው። ድሮ ከኛ አካባቢ ደረሳዎች በእግራቸው ወደ ወሎ ይሻገሩ የነበረው ኪታብ ጠፍቶ ብቻ አልነበረም፤ የሚያስቀራ ሰው ፍለጋ ነው።

ሕዋስ ማርባትና ፕሮቲን ማጣራት እንደዚያው ነው። ወረቀቱ «በቀስታ አማስል» ይላል፤ ቀስታው ስንት እንደሆነ የሚያሳይህ ግን አጠገብህ የቆመ ሰው እጅ ነው። ፈሳሹ በዓይን ሲታይ ጤነኛ መሆኑን፣ ቱቦው ሊደፈን መሆኑን፣ ሕዋሱ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ምን እንደሚመስል ከሰው ይወረሳል። የኛ ክፍተት በዋናነት ይህ ነው፤ ፓተንቱ አልቋል፣ ሰነዱ ግን እጃችን አልገባም።

ደግነቱ ከዜሮ አንጀምርም። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ያለ ሲሆን የከብት ክትባቶችን ያመርታል፤ ከእነዚህም መካከል በሕዋስ እርባታ የሚሠሩ አሉ። የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል የሆነው ፓንቫክም እዚያው ቢሾፍቱ ነው። በክፉ ቀን የአያቶቻችንን ከብት የፈጀው የከብት ደስታ በሽታ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በሕዋስ እርባታ በተሠራ ክትባት አማካይነት ነው። እንግዲህ ለበሬው የሚሆን የሰነድ ሰንሰለት አገራችን ውስጥ አለ፤ ለባለ በሬው የሚሆነውን መቀጠል ነው የቀረን።

ውጤቱም ቢሆን እቤታችን ገብቷል። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ያለው የሄፓታይተስ ቢ ክፍል በእርሾ ውስጥ የተሠራ ሪኮምቢናንት ፕሮቲን ነው። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባትም እንደ አምራቹ በእርሾ ወይም በነፍሳት ሕዋስ የሚሠራ ነው። ታናሽ እህቴ ትምህርት ቤት ውስጥ ተከትባለች። የቀዘቀዘውን ሣጥን ተሸክማ የመጣችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን የሠራው ግን ሩቅ አገር ያለ መሐንዲስ ነው።

በየስብሰባችን የጥንት ሙስሊም ሊቃውንትን ስም እናነሳለን። ስለ ደም ሥር ሲነገርም ኢብኑ ነፊስን እንጠራለን። እኔም እወዳቸዋለሁ። ደም ከቀኝ የልብ ክፍል በሳንባ በኩል አድርጎ ወደ ግራው እንደሚያልፍ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጻፉ ሐኪም ናቸው። ካይሮ ውስጥ በመድረሳ የሻፊዒይን ፊቅህ ያስተምሩም ነበር። ግን ከስማቸው ይልቅ እኔን የሚነካኝ አንድ ሥራቸው አለ፤ በ1288 ሲሞቱ ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን ለመንሱሪ ሆስፒታል ወቀፉ። ሰነዱ እንዲቀጥል ንብረታቸውን ትተው ሄዱ። ኢማም አል-ገዛሊም ሕክምናን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረው፣ ሰው ሁሉ ወደ ፊቅህ ክርክር ሲጎርፍ ከተሞች ያለ ሙስሊም ሐኪም መቅረታቸውን ወቅሰዋል። ፈርድ ኪፋያ ማለት በቂ ሰው ከሠራው ከሌላው ላይ የሚወርድ፣ ማንም ካልሠራው ግን ሁሉም የሚጠየቅበት ግዴታ ነው። ዛሬ ከሐኪሙ ቀጥሎ መድኃኒቱን የሚያመርተው ሰው በዚህ ግዴታ ውስጥ አይገባም ትላላችሁ?

የምጠይቃችሁ ፋብሪካ አይደለም። ለምርምር የሚሆን ሪሴፕተር በማይክሮግራም ነው የሚሸጠው፤ 50 ማይክሮግራሙ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያወጣ ይችላል። ያችን ማይክሮግራም እዚሁ አገር ማምረት የሚችሉ ጥቂት እጆች ቢኖሩ የስንት ተማሪ ምርምር ይነሳል!

ስለዚህ ሦስት ነገር ላቅርብ። አንደኛ፣ በጀመዓችን ውስጥ ያሉ የባዮሎጂ፣ የፋርማሲ፣ የሕክምናና የምህንድስና ተማሪዎች ከዐስር ሰላት በኋላ በሳምንት አንድ ቀን እንቀመጥ፤ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ይማር። ሁለተኛ፣ የተግባር ልምምድ ቦታ ስንመርጥ ለመንገድና ለሕንፃ ብቻ ሳይሆን ሕዋስ የሚረባባቸው ቤተ ሙከራዎች ላይም እናመልክት፤ የሰለጠነ ሰው ካለበት ሄደን እንቅራ። ሦስተኛ፣ ተመርቀው ሥራ የያዙ ወንድም እህቶቻችን ሰደቃቸውን ሲያስቡ ለቤተ ሙከራ የሚሆን አንድ ፍሪዘር ወይም አንድ የሕዋስ ማሞቂያ መውቀፍም እንደሚቻል ይወቁ። ውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር ሰደቀቱል ጃሪያ ከሆነ ይህም የሚሆን ይመስለኛል፤ ዑለማእን ጠይቀን እንወስን።

የመጀመሪያው ቁጭታችን ኢንሻአላህ የፊታችን ሐሙስ በመስጂዱ በረንዳ ላይ ይሆናል። ሄር-2 እንዴት እንደሚመረት የሚያሳይ አንድ የታተመ ጽሑፍ ይዤ እመጣለሁ፤ አብረን እናነበዋለን። የማይገባን ቦታ ሲገጥመን የሚያስቀራን ሰው ከየት እንደምናገኝ እዚያው እንመካከራለን።

አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።